የሰፈር ክፍት ቦታ፣ መንገድና የሐይቅ ዳር መሄጃ ጥያቄን በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ማስወሰኛ ዝርዝር መመሪያ

የትኛው መንገድ እንደፈረሰ፣ የትኛው ሐይቅ ዳር እንደታጠረ፣ የልጆች ኳስ ሜዳ ለማን እንደተሰጠ በባሕር ዳር የማያወራ ሰው የለም። ቡና ላይ ይወራል፣ ባጃጅ ውስጥ ይወራል፣ ከቅዳሴ መልስ ይወራል። ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ግን ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ከተማው መሬትና ገንዘብ የሚመድበው በሦስት ሰነዶች ነው። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም የመላው ከተማ ዋና የመሬት አጠቃቀም ካርታ፣ እና ከእሱ በታች ያለው፣ አንድን ሰፈር በዝርዝር የሚያሳየው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ሁለተኛው የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ማለትም የግንባታ ሥራዎች ዕቅድ፣ ሦስተኛው የዓመቱ በጀት። ጥያቄያችሁ ከእነዚህ በአንዱ ካልገባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በአካል መጥቶ «ልክ ናችሁ» ቢላችሁም አካፋ የሚያነሳ ሰው አይመጣም። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ አንድን የሰፈር ጥያቄ ወደ እነዚህ ወረቀቶች ስለማስገባት ነው።

አንደኛ፦ ቦታው ወይም መንገዱ የማን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ማመልከቻ የሚሞተው እዚህ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደሚያውቀው ቢሮ ነው፤ የሚያውቀው ቢሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለከተውም።

መንገድን እንይ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያሠራው የፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ስለ ድልድዩ መብራት ወይም ስለ እግረኛ መሄጃው ለቀበሌ ብታመለክቱ «ከእኛ አቅም በላይ ነው» ከመባል በቀር የምታገኙት የለም። ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት ዋና መንገዶችም ከከተማው ውጭ ባለው ርዝመታቸው የፌዴራል ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ያለው ክፍላቸው በማን እጅ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። የሰፈር ውስጥ መንገድ፣ ማለትም ኮብልስቶኑ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዩ፣ የእግረኛ መሄጃው የከተማው ነው። ከተማው በስድስት ክፍለ ከተሞች ተከፍሏል፦ ጣና፣ ፋሲሎ፣ ግሽ ዓባይ፣ በላይ ዘለቀ፣ አፄ ቴዎድሮስና ዳግማዊ ምኒልክ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ደብዳቤ አትጻፉ፤ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች በሁለት ቀበሌ የሚያድሩበት ሰፈር አለና። ዘጌ፣ ጢስ ዓባይና መሸንቲ ያላችሁ ደግሞ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያሉ የሳተላይት ከተሞች ነዋሪዎች ስለሆናችሁ ጥያቄያችሁ የሚነሳው ከዚያው ካለው አስተዳደር ነው።

የሐይቅ ዳር ነገር ደግሞ ባለቤቱ ብዙ ነው። መሬቱ በከተማው ፕላን ውስጥ ነው። ውሃውና ረግረጉ የሐይቁን ጥበቃ የሚከታተሉት የክልሉ ተቋማት ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ክልል) ስለመዘገበው ጥብቅ የሆነና ልማት የሚፈቀድበት ቀጠና የተለየ ነው። ከዳሩ የተወሰነው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ነው። በዘጌ ከቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው የእግር መንገድ ለምሳሌ፣ ማንም ቢሮ ቢፈቅድ የገዳሙን ማኅበር ወይም የሰበካ ጉባኤውን ሳያማክር የሚጠረብ ድንጋይ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ስለ ሐይቅ ዳር መሄጃ የምትጽፉ ከሆነ ከአንድ በላይ ቢሮ እንደምታዳርሱ ከወዲሁ እወቁ።

ሁለተኛ፦ ፕላኑ ላይ ቦታው ምን ተብሎ እንደተቀመጠ አረጋግጡ

«ባዶ ቦታ» የሚባል ነገር በፕላን ላይ የለም ማለት ይቻላል። ባዶ ሆኖ የምታዩት ሜዳ በወረቀት ላይ አረንጓዴ ቦታ፣ ወደፊት የሚከፈት መንገድ፣ የትምህርት ቤት ማስፋፊያ ወይም የንግድ ቦታ ተብሎ ተሰይሟል። አረንጓዴ ከሆነ ግማሹ ትግል አልቋል፤ ጥያቄያችሁ «አልሙልን» ነው። ንግድ ከሆነ ጥያቄው የፕላን ማሻሻያ ነው፤ እሱ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ርዝመት አለው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል፤ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለውም ለ10 ዓመት ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የሚመሩበት የ30፣ 30፣ 40 ድርሻም አለ፦ ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ይህን ቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። «መሬት የለም» ሲሏችሁ «በእኛ ሰፈር የአካባቢ ልማት ፕላን የአረንጓዴው ድርሻ ስንት ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥያቄው ትሕትና ያለው ነው፣ መልሱ ግን ቁጥር ይፈልጋል።

ወረቀቱን እንዴት ማየት ይቻላል? በመጀመሪያ በቃል ጠይቁ፤ ደግ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ኮምፒውተሩን አዙሮ ያሳያችኋል። ካልሆነ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ነጻነት ክፍል መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን ይገልጻል። የምትጠይቁትን ጠበብ አድርጉ። «የከተማውን ፕላን ስጡን» ካላችሁ ማንም አይሰጣችሁም። «በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ ትምህርት ቤትና በዚህ ድልድይ መካከል ያለው ቦታ የመሬት አጠቃቀም ምን እንደሆነ» ብትሉ ግን በአንድ ገጽ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያጣላ አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ። በስልካችሁ ጂፒኤስ የያዛችሁት ነጥብ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። በአገራችን ብዙ የቆዩ ካርታዎችና ፕላኖች ግን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሬት ላይ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የስልኩን ቁጥር እንዳለ ፕላኑ ላይ ብታስቀምጡት የልጆቹ ሜዳ የሰው ግቢ ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ ክርክር ነው። ቁጥሩን ስትሰጡ ከየትኛው ሥርዓት እንደሆነ ጻፉ፣ ልወጣውን ባለሙያው ይሥራው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታውን በአዋሳኝ ግለጹ፦ በምሥራቅ ምን፣ በምዕራብ ምን፣ በሰሜን ምን፣ በደቡብ ምን። ይህን አገላለጽ የሰፈሩም ሽማግሌ፣ መሐንዲሱም ይረዳዋል።

ሦስተኛ፦ ማስረጃ ሰብስቡ፣ በሁለት ወቅት

ፎቶ፣ የቆጠራ ወረቀትና ንድፍ ይበቃል። ስለ እግረኛ መሄጃ ከሆነ ሁለት ልጆች ማስታወሻ ደብተር ይዘው ጠዋት ትምህርት ቤት ሲገባና ከሰዓት ሲወጣ ይቁጠሩ፤ እግረኛ፣ ብስክሌት፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ሲኖትራክ። ብስክሌቱን እንዳትረሱ። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዙ ነው፤ የመንገድ ስፋት ሲከፋፈል ግን ድርሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱው ነው።

የሐይቅ ዳርን ጉዳይ በአንድ ወቅት ብቻ አይታችሁ አትጻፉ። የጣና ውሃ ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ ከፍ የሚለው ዝናቡ ካበቃ በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ። በግንቦት ደረቅ ሣር ሆኖ ያያችሁት፣ ጥሩ መሄጃ ይወጣዋል ያላችሁት ቦታ በመስቀል ሰሞን ታንኳ የሚቀዝፍበት ሊሆን ይችላል። ግንቦት ላይ ችካል ቸክላችሁ ፎቶ አንሱ፣ ጥቅምት ላይ እዚያው ቆማችሁ ድገሙት። እነዚህ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መሐንዲስ ሳይጋበዝ ይመጣል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «ሐይቁ እንዲታየን ደንገሉ ይመንጠር» የሚል ማመልከቻ አትጻፉ። ደንገሉ፣ ዳሩ ላይ የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ከከተማው የሚወርደውን ደለል የሚያጣራ፣ ታንኳ የሚሠራበት ነው። መሄጃው ከደንገሉ በስተኋላ ቢያልፍና እዚህም እዚያም ወደ ውሃው የሚያሳይ መቆሚያ ቢኖረው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያውም ከጎናችሁ ይቆማል።

አራተኛ፦ ጎረቤት፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤ

አዲስ ኮሚቴ ለማቋቋም አትድከሙ፤ እድር አለ። እድር መዝገብ አለው፣ ሊቀመንበር አለው፣ ብዙዎቹ ማኅተም አላቸው፣ ሰውም በወር አንድ ቀን ይሰበሰባል። በዚያ ቀን ጉዳዩን አጀንዳ አስይዙ። ለብቻ ስብሰባ መጥራት ካስፈለገ ቀድማችሁ ለቀበሌው አሳውቁ፤ በዚህ ጊዜ ያልታወቀ ስብሰባ ለማንም አይበጅም።

ዋናው ሥራ ግን ከስብሰባው በፊት ነው። ቦታው ላይ የሚጠቀመው ማን ነው? መኪና የሚያጥቡ ልጆች አሉ? ጉልት የምትሸጥ እናት አለች? ከብት የሚያስር፣ አሸዋ የሚያራግፍ፣ በበዓል ድንኳን የሚጥል አለ? እያንዳንዳቸውን ሄዳችሁ አነጋግሩ። «ጋሼ፣ ቦታው ቢለማ እርስዎ የት ይሆናሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉት። ክፍለ ከተማው ባለሙያ ሲልክ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። «ማንም አልጠየቀን» ካሉ ፋይሉ «ቅሬታ ያለበት» ተብሎ ይዘጋል። በንድፉ ጥግ ላይ ለጉልቱ ሁለት ሜትር መደብ መተው ከስንት ወር ምልልስ ያድናል።

ቃለ ጉባኤው ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙት ሰዎች ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ይኑር። የተቃወመ ሰው ካለ ተቃውሞው ይጻፍ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማማ የሚል ቃለ ጉባኤ አንባቢው እንዳላመነው ፊቱ ላይ ይታያል። ሰፈሩ የሚያዋጣው ነገር ካለም ይግባ፦ ገንዘብ፣ ጉልበት፣ ችግኝ፣ የጥበቃ ደመወዝ። ኮብልስቶንን የመሰለ ሥራ በብዙ ከተሞች የነዋሪ መዋጮ ስላለበት ይህ መስመር ማመልከቻውን ከምኞት ይለየዋል።

አምስተኛ፦ ደብዳቤው

አንድ ገጽ። ሁለተኛ ገጽ የሚያነብ የለም፤ ሌላው አባሪ ይሁን። መልኩ ይህን ይመስላል፦

*ቀን ________*
*ለ________ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት*
*ባሕር ዳር*
*ጉዳዩ፦ በ____ ቀበሌ ____ ሰፈር የሚገኘው አረንጓዴ ቦታ ለልጆች መጫወቻና ለእግረኛ መሄጃ እንዲለማልን ስለመጠየቅ*
*ከላይ በጉዳዩ እንደተገለጸው፣ በምሥራቅ ____፣ በምዕራብ ____፣ በሰሜን ____፣ በደቡብ ____ የሚያዋስኑት ቦታ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ለአረንጓዴነት የተመደበ ቢሆንም እስካሁን ባለመልማቱ የቆሻሻ መጣያና በክረምት የጎርፍ ማቆሪያ ሆኗል። ስለሆነም ቦታው በ____ በጀት ዓመት የካፒታል ዕቅድ ውስጥ እንዲካተትልን፣ እስከዚያው ድረስ ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ፣ የተሰጠንም ውሳኔ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ነዋሪው በበኩሉ ________ ለማዋጣት በቃለ ጉባኤ ተስማምቷል።*
*ከሰላምታ ጋር*
*አባሪ፦ ቃለ ጉባኤ __ ገጽ፣ ፎቶ __፣ ንድፍ __*
*ግልባጭ፦ ለከተማው ፕላን የሚመለከተው መምሪያ፣ ለቀበሌው አስተዳደር*

ልመናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ «እስከዚያው ድረስ ለሌላ አገልግሎት እንዳይሰጥ» የሚለውን አታውጡ። የበጀቱ መልስ እስኪመጣ ቦታው ለአንድ ማኅበር ተሰጥቶ የቆርቆሮ ሱቅ ሊበቅልበት ይችላል። ሕገ መንግሥቱንም በመጀመሪያው ደብዳቤ አትጥቀሱ። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳለን ይናገራል፤ እውነት ነው፤ ግን ገና ሳይከለከል አንቀጽ የጠቀሰ ሰው ቢሮ ውስጥ «ከሳሽ» የሚል ስም ይወጣለታል። ለይግባኙ አቆዩት።

ስድስተኛ፦ መዝገብ ቤት

ደብዳቤውን ለምታውቁት ሰው በእጅ አትስጡ፤ በመዝገብ ቤት አስገቡ። ሁለት ቅጂ ያዙ። ዋናው ሲገባ «እህቴ፣ ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በዚህኛው ቅጂ ላይ ይጻፉልኝ፣ ማኅተምም ያድርጉልኝ» በሉ። ያ ቁጥር የእናንተ መታወቂያ ነው። በሳምንቱ ተመልሳችሁ «ደብዳቤያችን የት ደረሰ?» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን የገባው ለየትኛው ባለሙያ ተመራ?» ትላላችሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው መባሉ አይቀርም። ኃላፊውን አትጠብቁ፤ ፋይሉ የሚሠራው ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስሙን ያዙ፣ ቦታውን በአካል እንዲያይ ጋብዙት፣ በመጣ ቀን ከእድሩ ሁለት ሰው ይገኝ። ግርግር አያስፈልግም።

ሰባተኛ፦ ቀን መቁጠሪያው

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ዕቅድ ግን ሰኔ ላይ አይታቀድም፤ ከክፍለ ከተማ ወደ ከተማ ተጠቃልሎ ለምክር ቤት እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። በግንቦት የገባ ማመልከቻ ለዘንድሮ ዘግይቷል። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ የክረምቱ ጭቃ ፎቶ ትኩስ ነው፣ የጥቅምቱ የውሃ ልክ በእጃችሁ ነው፣ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድም ገና አልታሰረም። ትንንሽ ነገሮች፣ የተሰበረ የቦይ ክዳን፣ የጠፋ መብራት፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከጥገና በጀት ስለሚሠሩ ይህን አይጠብቁም። ችግኝ ደግሞ ሐምሌ ላይ እንደሚተከል የታወቀ ነው፤ ጉድጓዱን ግን ከሰኔ በፊት አስቆፍሩ።

የኮሪደር ልማት ከዚህ ሁሉ ውጭ ይሄዳል፤ ሲጀመር ፈጣን ነው። አጥራችሁ ላይ ቀይ ምልክት ካያችሁ ወይም «መንገዱ ይሰፋል» የሚል ወሬ ከመጣ በዚያው ሳምንት የመንገዱ ስፋት በፕላኑ ስንት ሜትር እንደሆነና ከየትኛው መስመር እንደሚለካ በጽሑፍ ጠይቁ። ይዞታ የሚነካ ከሆነ ጉዳዩ በአዋጅ 1161/2011 የሚታይ የካሳ ጉዳይ ነው። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ቅሬታ ማቅረቢያው 30 ቀን ስለሆነ ወረቀቱን የተቀበላችሁበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። የሰፈሩን ማመልከቻና የግላችሁን ካሳ በአንድ ደብዳቤ አትቀላቅሉ።

ስምንተኛ፦ የሕዝብ መድረክ

ከተጠራችሁ ሂዱ፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። አንድ ተናጋሪ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አንድ ጥያቄ። ገቢ ቁጥሩን በማይክ ተናገሩ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ እዩና ስትወጡ ጥያቄያችሁ እንደገባ አረጋግጡ።

ዘጠነኛ፦ ዝም ካሉ ወይም እንቢ ካሉ

ዝምታና እንቢታ የተለያዩ ናቸው። ለዝምታ መድኃኒቱ ሁለተኛ ደብዳቤ ነው፤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ጠቅሳችሁ፣ ግልባጩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ። ለእንቢታ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከዚያ በክፍለ ከተማው፣ ቀጥሎም በከተማው ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ቅረቡ። ለከተማው ምክር ቤት አባላችሁም አመልክቱ፤ ብዙ ሰው ምክር ቤት መኖሩን የሚያስታውሰው በምርጫ ሰሞን ብቻ ነው። በአስተዳደር በደል ወይም መረጃ በመከልከል ከሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ግን የታችኛውን ደረጃ ጨርሳችሁ እንደመጣችሁ የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቃችኋል። ገቢ ቁጥሮቹ እዚህ ይጠቅማሉ።

ጉዳዩ ብክለት ሲሆን፣ ለምሳሌ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ ፍሳሽ የሚለቅ ወይም ዳሩ ላይ ቆሻሻ የሚደፋ ሲኖር፣ የተሻለ መንገድ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

አሥረኛ፦ ከተፈቀደ በኋላ

እዚህ ሰፈሩ ይበተናል፤ መበተን ግን የለበትም። ሥራው ሲጀመር የሥራ ዝርዝሩን ለማየት ጠይቁ፦ ስንት ሜትር ቦይ፣ ስንት ካሬ ንጣፍ፣ ስንት አግዳሚ ወንበር፣ ስንት ችግኝ። ቦዩ ከንጣፉ በፊት መሠራቱን ተከታተሉ፤ ከተነጠፈ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ንጣፉን ይዞ ይሄዳል። ውሃ የት እንደሚወርድ በዓይናችሁ እዩ፤ አንድ ጄሪካን ውሃ አፍስሱበት፣ ወደ ቤታችሁ ከመጣ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱ የዚያኑ ቀን ንገሩት።

ማን ያስተዳድረዋል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ምርቃት አትሂዱ። ቁልፉ በማን እጅ ነው? የውሃ ቆጣሪው በማን ስም ነው? ዘበኛው ከየት ይከፈለዋል? አስተዳደሩን የሚይዘው የወጣቶች ማኅበር ከሆነ ቡና መሸጫው ከቦታው ስንት ካሬ እንደሚይዝ፣ መግቢያ እንደማይከፈልበት፣ አጥር እንደማይታጠር በውሉ ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ ሣሩ ላይ ወንበር ይደረደራል፣ ለስላሳ ያላዘዘ ልጅም ይባረራል።

ሥራ ተቋራጩ ሲጨርስ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ የመጨረሻው ርክክብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ከክፍያው የተያዘበት ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ስላልተለቀቀ የተነሳ ድንጋይ፣ የሰመጠ ንጣፍ፣ የደረቀ ችግኝ በራሱ ወጪ ማስተካከል አለበት። በመሐል አንድ ክረምት ያልፋል። ዝናቡ እንዳበቃ፣ ጥቅምት ላይ፣ እየተዘዋወራችሁ ጉድለቱን በዝርዝርና በፎቶ ጻፉ፣ ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ በመዝገብ ቤት አስገቡ፣ ገቢ ቁጥር ያዙ። የመጨረሻው ርክክብ ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ ዝርዝር ለሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ ነው የሚሆነው።